ብርቅዬ ስኳሮችና የስኳር አልኮሎች ቦርጭ ይቀንሳሉ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ የመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት «ስኳር የለውም» የተባለ ዱቄት፣ ብስኩት ወይም ቸኮሌት አይጠፋም። ስኳር ላለባት እናት ተብሎ ይላካል፤ ቦርጩን ሊያጠፋ የቆረጠ ወንድምም ይሻማታል። ጥቅሉ ሲነበብ ግን አሉሎስ፣ ኤሪትሪቶል፣ ማልቲቶል የሚሉ ስሞች ተደርድረዋል። ሁሉም በአንድ ስም «ስኳር አልባ» ይባሉ እንጂ ሰውነት ውስጥ ከገቡ በኋላ መንገዳቸው ለየቅል ነው። ከታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብርቅዬ ስኳር ምንድን ነው? ከስኳር አልኮል በምን ይለያል?

ብርቅዬ ስኳሮች በተፈጥሮ እጅግ በጥቂቱ የሚገኙ እውነተኛ ስኳሮች ናቸው። ዛሬ በብዛት የሚነሳው አሉሎስ ነው፤ ፕሲኮስም ይባላል። በበለስና በዘቢብ ውስጥ ቅንጣት ታህል አለ። የኬሚካል ቀመሩ ከፍራፍሬ ስኳር (ከፍሩክቶስ) ጋር አንድ ነው፤ የተለየው አንዲት ካርቦን ላይ የተንጠለጠለው ክፍል አቅጣጫ ብቻ ነው። አንድ ጥርሱ የዞረ ቁልፍ እንደማለት ነው፦ ምላስ ላይ ይጣፍጣል፣ ስኳር የሚያቃጥሉት የሰውነት ኢንዛይሞች ዘንድ ሲደርስ ግን አይከፍትም። ከፍራፍሬና ከሽሮፕ እየለቀሙ ማውጣት ስለማያዋጣ ለረጅም ጊዜ የላቦራቶሪ ዕቃ ሆኖ ቆየ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጃፓኑ ካጋዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ኬን ኢዙሞሪ ፍሩክቶስን ወደ አሉሎስ የሚያዞር የባክቴሪያ ኢንዛይም ካገኙ በኋላ ነው በፋብሪካ መጠን መሥራት የተቻለው። ታጋቶስም ከዚሁ ወገን ነው፤ ጣፋጭነቱ ለስኳር የቀረበ (ወደ 92 በመቶ)፣ ካሎሪው ግን በግራም 1.5 ነው።

የስኳር አልኮሎች ደግሞ ስኳር ላይ ሃይድሮጅን ተጨምሮ የሚሠሩ ናቸው፦ ሶርቢቶል ከግሉኮስ፣ ማልቲቶል ከማልቶስ፣ ዛይሊቶል ከዛይሎስ። ኤሪትሪቶል ለብቻው ነው፤ እርሾ የስታርች ስኳርን አብላልቶ ያወጣዋል።

አልኮል ከተባሉ ያሰክራሉ?

አያሰክሩም። በጠጅና በቢራ ውስጥ ያለው ኤታኖል እነዚህ ውስጥ የለም። ስሙ የኬሚስቶች አጠራር ነው።

ስኳር ራሱ እንዴት ስብ ይሆናል?

መልሱ ሳይገባን ምትኩን መመዘን አይቻልም። የተለመደው ስኳር ትንሹ አንጀት ላይ ግማሹ ግሉኮስ፣ ግማሹ ፍሩክቶስ ሆኖ ይከፈላል። ግሉኮሱ ደም ውስጥ ሲገባ ኢንሱሊን ይወጣል፤ ኢንሱሊን ከፍ ባለበት ሰዓት የስብ ሕዋሳት የያዙትን አይለቁም። ፍሩክቶሱ በአብዛኛው የሚወድቀው ጉበት ላይ ነው፤ ሲበዛበት ጉበት ወደ ስብ ይለውጠዋል። ያም ሆኖ ቦርጭ የሚያወጣው ከሚቃጠለው በላይ የሚበላ ኃይል ነው። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ኪሎካሎሪ ያህል ይይዛል፤ አንድ ግራም ስኳር 4 ኪሎካሎሪ ነው።

እንግዲህ ለማንኛውም ምትክ ሦስት ነገር ይጠየቃል፦ በግራም ስንት ካሎሪ አለው? ኢንሱሊን ያስነሳል? ጉበት ላይ ሲደርስ ምን ይሆናል?

አሉሎስ ስብ ያቀልጣል ይባላል። እውነት ነው?

«ያቀልጣል» የሻጭ ቃል ነው። እውነቱ ከዚያ አነስ ያለ ነው፤ ግን ባዶም አይደለም።

ከተበላው አሉሎስ 70 በመቶ ገደማው ከትንሹ አንጀት ወደ ደም ያልፍና ሳይቃጠል በሽንት ይወጣል። የቀረው ትልቁ አንጀት ይደርሳል፤ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎችም ብዙ አይበሉትም። ስለዚህ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በግራም 0.4 ኪሎካሎሪ ብቻ እንዲቆጠር ፈቅዷል፤ በ2019 ባወጣው ረቂቅ መመሪያም ጥቅል ላይ «ጠቅላላ ስኳር» እና «የተጨመረ ስኳር» ከሚሉት መስመሮች ውጪ እንዲሆን ተደርጓል።

በአይጦች ላይ የታየው የበለጠ ነው። ጉበት ውስጥ ስብ የሚሠሩት ኢንዛይሞች ሥራቸው ቀንሷል፣ ስብ የሚያቃጥሉት ደግሞ ሥራቸው ጨምሯል፤ ጂኤልፒ-1 የሚባለውና ጥጋብን ለአንጎል የሚነግረው ሆርሞንም ከአንጀት ወጥቷል። ሰው ላይ ከተሠሩት አንዱ በ2018 የወጣው የኮሪያ ጥናት ነው፤ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ 121 ጎልማሶች ለ12 ሳምንታት ተከታትሏል። አንዱ ቡድን በቀን ሁለት ጊዜ 4 ግራም፣ ሌላው ሁለት ጊዜ 7 ግራም አሉሎስ ወሰደ፤ ሦስተኛው ሱክራሎስ የሚባለውን ካሎሪ አልባ ማጣፈጫ። አሉሎስ የወሰዱት የሰውነት ስባቸው ቀንሷል፤ 7 ግራም በወሰዱት ላይ በሲቲ ስካን የተለካው የሆድ ስብም ቀንሷል። ንጽጽሩ ከስኳር ጋር ሳይሆን ካሎሪ ከሌለው ማጣፈጫ ጋር መሆኑ ይህን ጥናት ያከብደዋል፤ «የቀነሱት ስኳር ስለተዉ ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ሆኖም የቀነሰው ጥቂት ነው። ልብስ የሚያሰፋ፣ ሰው የሚጠይቅበት ዓይነት ለውጥ አይደለም። ደግሞም 12 ሳምንት አጭር ነው። አሉሎስን እንደ ስብ መድኃኒት እየቆጠረ በማንኪያ የሚውጥ ሰው ገንዘቡን ያባክናል፤ ስኳር ሊያደርግበት የነበረ ቦታ ላይ የሚያደርገው ግን ያተርፋል።

ኤሪትሪቶልና ዛይሊቶልስ?

ኤሪትሪቶል 90 በመቶ ገደማው ከትንሹ አንጀት ወደ ደም ገብቶ እንዳለ በሽንት ይወጣል። በአሜሪካ በግራም 0.2፣ በአውሮፓ ኅብረት ዜሮ ካሎሪ ተብሎ ይጻፋል። የደም ስኳርንም ኢንሱሊንንም አያነሣም። ዛይሊቶል ጣፋጭነቱ ከስኳር እኩል ነው፤ ነገር ግን ወደ 2.4 ኪሎካሎሪ አለው፣ የደም ስኳርንም ትንሽ ነቅነቅ ያደርጋል።

የስዊዘርላንዱ ባዝል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 75 ግራም ኤሪትሪቶል ወይም 50 ግራም ዛይሊቶል በውሃ በጥብጠው በቀጥታ ወደ ጨጓራ ሲያስገቡ የጥጋብ ሆርሞኖች ከፍ ብለዋል፣ ጨጓራም ቶሎ ባዶ አልሆነም። ይህ ዜና በየቦታው «ኤሪትሪቶል ያጠግባል» ተብሎ ተሰራጨ። ማንም ሰው ግን 75 ግራም በአንድ ጊዜ አይጠጣም፤ ቢጠጣም መጸዳጃ ቤት ነው የሚውለው። እዚያው ባዝል ወፍራም ሰዎች በየቀኑ 36 ግራም ኤሪትሪቶል ወይም 24 ግራም ዛይሊቶል ለሳምንታት ሲወስዱ የሆድ ስባቸው አልተለወጠም። በጎም ክፉም አላደረገም ማለት ነው። ስለ ኤሪትሪቶልና ስለ ስብ በአጭሩ ከተባለ ይኸው ነው፦ እሱ ራሱ ስብ አይነካም፣ ያስቀረው ስኳር ነው የሚቆጠረው።

ኤሪትሪቶል ጭራሽ ቦርጭ ያመጣል የሚል አንብቤያለሁ። እንዴት ነው?

በ2017 የወጣ ጥናት ነው። በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ አንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሲገቡ ደማቸው ተመርምሮ ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ ክብደትና የሆድ ስብ የጨመሩት ተማሪዎች ገና መግቢያው ላይ ኤሪትሪቶል በደማቸው ውስጥ በብዙ እጥፍ በልጦ ተገኘ። አርዕስት የሚወዱ «ማጣፈጫው አወፈራቸው» ብለው ጻፉ።

ያልተነበበው ክፍል የሚከተለው ነው፦ ሰውነት ኤሪትሪቶልን ከግሉኮስ በራሱ ይሠራል፤ ያው ቡድንም ይህንኑ አሳይቷል። የስኳር አያያዙ መበላሸት የጀመረ ሰው ከሌላው አብዝቶ ሊሠራ ይችላል። ጭስ ስላየን እሳቱን ጭሱ አስነሣው እንደማለት ነው። ኤሪትሪቶል የበላ ሰው ስብ ጨመረ የሚል ማስረጃ ከዚህ ጥናት አይወጣም።

«ስኳር አልባ» ቸኮሌት በልቼ ለምን አልቀነስኩም?

በማልቲቶል ምክንያት፤ ከሱ በላይ ደግሞ በቸኮሌቱ ቅባት ምክንያት። የስኳር አልኮሎችን አንድ ላይ መቁጠር የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው።

በእስክሪብቶ እንሥራው። 100 ግራም ተራ ቸኮሌት እንበልና 36 ግራም ቅባት፣ 45 ግራም ስኳር፣ 6 ግራም ፕሮቲን፣ 8 ግራም አሰር አለው። ቅባቱ በ9 ሲባዛ 324፣ ስኳሩ በ4 ሲባዛ 180፣ ፕሮቲኑ 24፣ አሰሩ በ2 ሲባዛ 16፤ ድምሩ 544 ኪሎካሎሪ። አሁን 45ቱን ግራም ስኳር አውጥተን በ45 ግራም ማልቲቶል እንተካ። አውሮፓ ማልቲቶልን በ2.4 ስለሚያሰላ 108 ይሆናል፤ ድምሩም 472። የተቀነሰው 72 ኪሎካሎሪ፣ ማለትም 13 በመቶ ብቻ ነው። «ስኳር የለውም» ተብሎ አንዱን ቁራሽ በሁለት ያደረገ ሰው ከተራው ቸኮሌት በላይ በልቷል።

ማልቲቶል የደም ስኳርንም ያነሣል። የግሉኮስ መለኪያው 100 ቢሆን ተራ ስኳር 65 አካባቢ፣ ማልቲቶል 35 አካባቢ ነው። ስለዚህ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው የማልቲቶሉን ግራም በግማሽ አድርጎ እንደ ካርቦሃይድሬት መቁጠር አለበት እንጂ ዜሮ ብሎ ማለፍ የለበትም። በስኳር አልባ ብስኩትና ቸኮሌት ውስጥ በብዛት የሚገባው ይኸው ነው፤ ርካሽ ነው፣ ጣዕሙና ክብደቱ ከስኳር ጋር ይመሳሰላል። ከስኳር አልኮሎች ሁሉ በጥርጣሬ መታየት ያለበትም እሱ ነው።

የሌሎቹን በአሜሪካ አቆጣጠር በግራም ስናስቀምጥ፦ ሶርቢቶል 2.6፣ ዛይሊቶል 2.4፣ ማልቲቶል 2.1፣ ኢሶማልትና ላክቲቶል 2.0፣ ማኒቶል 1.6፣ ኤሪትሪቶል 0.2። አውሮፓ ከኤሪትሪቶል በቀር ሁሉንም በ2.4 ነው የምትቆጥረው፤ ያንኑ ብስኩት ከሁለት አገር ገዝተው ቁጥሩ ቢለያይ አይደንግጡ።

ጥቅሉን እንዴት ላንብበው?

መጀመሪያ የፊቱን ትልቅ ጽሑፍ ይተዉትና ያዙሩት። የተዘረዘሩት ነገሮች በብዛታቸው ቅደም ተከተል ነው የሚጻፉት፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ይመልከቱ። «ስቴቪያ» ተብሎ የሚሸጥ ዱቄት ዝርዝሩ የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በኤሪትሪቶል ነው፤ ስቴቪያው ጭላጭ ናት። ይህ ችግር የለውም። ችግሩ ዴክስትሮስ ወይም ማልቶዴክስትሪን ብሎ ከጀመረ ነው፦ ሁለቱም እንደ ስኳር በግራም 4 ኪሎካሎሪ ናቸው፣ የደም ስኳርንም ወዲያው ያነሣሉ። በአሜሪካ አንድ ምጥን ከ5 ኪሎካሎሪ በታች ከሆነ «ዜሮ» ተብሎ እንዲጻፍ ሕጉ ስለሚፈቅድ ትንሿ ከረጢት ዜሮ ትላለች። ሻይ ላይ ሦስት አራቱን የሚያፈስ ሰው ግን ዜሮ አልጠጣም።

ስም በማይታወቅ ቋንቋ ከተጻፈ የኢ ቁጥሮችን (አውሮፓ ለምግብ ተጨማሪዎች የምትሰጠውን መለያ) ይፈልጉ። ሶርቢቶል ኢ420፣ ማኒቶል ኢ421፣ ኢሶማልት ኢ953፣ ማልቲቶል ኢ965፣ ላክቲቶል ኢ966፣ ዛይሊቶል ኢ967፣ ኤሪትሪቶል ኢ968 ነው። ከዚያ ወደ ሰንጠረዡ ወርደው የቅባቱን ግራም ያንብቡ። ክብደት ለመቀነስ ለሚያስብ ሰው ከስኳሩ መስመር ይልቅ የቅባቱ መስመር ብዙ የሚናገርበት ጊዜ አለ።

ሻይዬ ላይ በስኳር ፈንታ ባደርገው ስንት ኪሎ እቀንሳለሁ?

በቀን ሦስት ብርጭቆ ሻይ፣ በየብርጭቆው ሁለት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይበሉ። አንዱ ማንኪያ 4 ግራም ነው፤ በቀን 24 ግራም፣ 96 ኪሎካሎሪ። በ30 ቀን 2,880 ኪሎካሎሪ ይመጣል፤ ለ7,700 ሲካፈል 0.37 ኪሎ ነው። በሦስት ወር ከአንድ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል። የእርስዎ ማንኪያ ልሙጥ ሳይሆን የተቆለለ ከሆነ (የብዙ ቤት ማንኪያ እንደዚያ ነው) ቁጥሩ ያድጋል። በቀን አንድ 300 ሚሊ ሊትር ለስላሳ የሚጠጣ ሰው ደግሞ ከ30 ግራም ያላነሰ ስኳር እዚያው አለ።

ይህ የወረቀት ሒሳብ ነው። ሰው ከአንዱ ያተረፈውን በሌላው ይከፍላል፤ ሰውነትም ሲቀንስ የሚያቃጥለውን አብሮ ይቀንሳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ኪሎካሎሪ ነው። በየቀኑ በራስዎ ድርሻ ወጥ ላይ የምትጨመር አንዲት ማንኪያ ዘይት በሻይ ያተረፉትን ሁሉ ትውጠዋለች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ኤሪትሪቶልም አሉሎስም ጣፋጭነታቸው የስኳር 70 በመቶ ገደማ ነው። የ8 ግራም ስኳር ጣዕም ለማግኘት 12 ግራም ገደማ ያስፈልጋል፤ በሦስት ብርጭቆ 36 ግራም። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2023 ለኤሪትሪቶል ያወጣው የቀን ገደብ በኪሎ ክብደት 0.5 ግራም ነው፤ ለ60 ኪሎ ሰው 30 ግራም ማለት ነው። ሦስት ጣፋጭ ሻይ ብቻውን ገደቡን አለፈው። ስለዚህ የሚሻለው በየሁለት ሳምንቱ ማንኪያዋን በግማሽ እየቀነሱ ምላስን ማልመድ፣ ለቀረው ትንሽ ጣዕም ምትኩን መጠቀም ነው። ይህ ርካሹም መንገድ ነው።

ሆዴን ነፋኝ፣ ከዚያ አስቀመጠኝ። ለምን?

ሁለት ምክንያት አለ። በትንሹ አንጀት ያልተወሰደ የስኳር አልኮል ውሃ እየሳበ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፤ ተቅማጡ ከዚህ ነው። እዚያ ባክቴሪያዎች ሲያብላሉት ጋዝ ይወጣል፤ መነፋቱና ማጉረምረሙ ከዚህ ነው። ባክቴሪያዎቹ ሲያብላሉት የሚያወጡት አሲድ ተመልሶ ኃይል ይሆናል፤ ሶርቢቶልና ማልቲቶል በግማሽ ካሎሪ የሚቆጠሩትም በከፊል ለዚህ ነው።

ኤሪትሪቶል ቀድሞ ስለሚወሰድ ሆድ ላይ ከሌሎቹ ይለዝባል። ማኒቶልና ሶርቢቶል ከባዶቹ ናቸው፤ በአሜሪካ ማኒቶል በቀን 20 ግራም፣ ሶርቢቶል በቀን 50 ግራም የሚያስበላ ምግብ «ሆድ ሊያላላ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይዞ ነው የሚወጣው። በአውሮፓ ከ10 በመቶ በላይ የተጨመረ የስኳር አልኮል ያለው ምግብ ሁሉ እንዲህ ይጻፍበታል። ለአሉሎስ በጥናት የተገኘው ልክ በአንድ ጊዜ በኪሎ ክብደት 0.4 ግራም፣ በቀን 0.9 ግራም ነው፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በአንድ ጊዜ 24፣ በቀን 54 ግራም።

መላው ከ5 ግራም መጀመር፣ ለሦስት አራት ቀን ማየት፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ መጨመር ነው። በባዶ ሆድ በፈሳሽ አይውሰዱት፤ ከምግብ ጋር ሲሆን ቀስ ብሎ ይወርዳል። አንጀታቸው የሚቆጣ ሰዎች (ፖም ወይም ፒር በልተው የሚነፉ፣ እነዚያ ፍሬዎች ውስጥ ሶርቢቶል ስላለ) ከኤሪትሪቶል ውጪ ያሉትን ቢተዉ ይሻላቸዋል። ከውልደት ጀምሮ ፍሩክቶስ የማይስማማቸው ሰዎች ደግሞ ሶርቢቶልን ጨርሶ መንካት የለባቸውም፤ ጉበት ሶርቢቶልን ወደ ፍሩክቶስ ይለውጠዋል።

ኤሪትሪቶል ለልብ አደገኛ ነው የሚባለው?

በ2023 ከአሜሪካው ክሊቭላንድ ክሊኒክ የወጣ ጥናት በደማቸው ኤሪትሪቶል የበዛባቸው ሰዎች ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) እና ስትሮክ እንደሚበዛባቸው አሳየ፤ በ2024 ስለ ዛይሊቶልም ተመሳሳይ ወጣ። የመጀመሪያው ግኝት ላይ የኮርኔሉ ጥያቄ ይመለሳል፦ የተበላው ነው ወይስ ሰውነት የሠራው? ነገር ግን እነዚህ ተመራማሪዎች እዚያ አላቆሙም። ጤነኛ ሰዎች 30 ግራም ኤሪትሪቶል ያለበት መጠጥ ሲጠጡ በደማቸው ውስጥ ከሺህ እጥፍ በላይ ከፍ ብሎ ታይቷል፤ ደም የሚያረጉት ፕሌትሌቶችም ይበልጥ ንቁ ሆነዋል። ጥያቄው አልተዘጋም። የልብ ሕመም፣ የደም መርጋት ወይም ስትሮክ የነበረበት ሰው በየቀኑ በማንኪያ እየዛቀ ባይጠቀመው፣ ቢያንስ ሐኪሙን ቢጠይቅ መልካም ነው። ለሌላው በማስቲካ ውስጥ ያለችው መጠን የምታሳስብ አይደለችም።

የዓለም ጤና ድርጅት ማጣፈጫ አትጠቀሙ ብሏል አይደል?

በግንቦት 2023 ስኳር ያልሆኑ ማጣፈጫዎችን ክብደት ለመቆጣጠር አትጠቀሙ ብሎ መክሯል። ያ ምክር እንደ አስፓርታም፣ ሱክራሎስና ስቴቪያ ያሉትን ነው የሚመለከተው። የስኳር አልኮሎችና ካሎሪያቸው ዝቅ ያለ ስኳሮች ከምክሩ ውጪ እንደሆኑ ራሱ ሰነዱ ይናገራል። ይህን ሳያነቡ ሁለቱን የሚደበላልቁ ብዙ ናቸው።

ማር አይሻልም? ቴምርስ?

ለቦርጭ አይሻልም። አንድ የሾርባ ማንኪያ ማር 21 ግራም ይመዝናል፣ 64 ኪሎካሎሪ አለው፤ በውስጡ ያለውም በአብዛኛው ፍሩክቶስና ግሉኮስ ነው። ቴምር አሰር ስላለው ያጠግባል፤ ስኳሩ ግን ስኳር ነው። ቡናማ ስኳር ከነጩ የሚለየው በቀለሙና በጣዕሙ ነው።

ለመጋገር እንዴት ልጠቀም?

አሉሎስ ከስኳር ቀድሞ ይጠቁራል። የምድጃውን ሙቀት 15 ዲግሪ ያህል ዝቅ አድርገው፣ ላዩ ሲቀላ ይሸፍኑት። ኬኩ ለስለስ ያለና እርጥብ ይሆናል፤ ቀርጠፍ የሚል ብስኩት ለሚፈልግ አይመችም። ኤሪትሪቶል በተቃራኒው ጭራሽ አይቀላም፤ ሲቀዘቅዝ እንደገና ክሪስታል ሆኖ ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፣ አፍ ውስጥም እንደ ናና ያቀዘቅዛል። አስቀድሞ እንደ ዱቄት መፍጨትና ከአሉሎስ ጋር ግማሽ ለግማሽ መቀላቀል ሁለቱንም ጉድለት ይቀንሳል።

የዳቦ እርሾ አሉሎስንም ኤሪትሪቶልንም ዛይሊቶልንም አይበላም። ለድፎ ወይም ለሕብስት እርሾውን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ሲቀሰቅሱ አንድ የሻይ ማንኪያ እውነተኛ ስኳር ይስጡት፤ እርሾው ራሱ በልቶ ይጨርሰዋል። አለዚያ «ሊጡ አልነሣ አለ» ተብሎ ዱቄቱ ሊታማ ነው።

ለጾም ይሆናል?

ኤሪትሪቶል፣ ዛይሊቶል፣ ሶርቢቶልና ማልቲቶል ከእንስሳ የመጡ አይደሉም። ላክቲቶል የሚሠራው ከወተት ስኳር ነው፤ ታጋቶስም ብዙ ጊዜ ከዚያው ይወጣል። የሚያጣፍጠው ጾም ቢሆንም ቸኮሌቱና ብስኩቱ ውስጥ የወተት ዱቄት መኖር አለመኖሩን ማየት አይርሱ።

አሉሎስ ጀርመንና ስዊድን ሱቅ ውስጥ ለምን የለም?

የአውሮፓ ኅብረት «አዲስ ምግብ» ብሎ ስለሚመድበው ሳይፈቀድ በምግብነት አይሸጥም። ጃፓን፣ ደቡብ ኮሪያና አሜሪካ ውስጥ ግን በግልጽ ይሸጣል። በአውሮፓ ያሉ ዘመዶች የሚልኩት በአብዛኛው ኤሪትሪቶልና ዛይሊቶል የሆነው ለዚህ ነው።

ስኳር አለብኝ። መድኃኒትም እወስዳለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስድ ሰው ስኳሩን በአንድ ጊዜ ከምግቡ ካወጣ መጠኑ ያልተስተካከለው መድኃኒት ስኳሩን ከልክ በታች ሊያወርድበት ይችላል። ለውጡን ለሐኪም ይንገሩ፤ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቶሎ ቶሎ ይለኩ።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት የሚፈጠረው ስኳር ሲወርድ ነው። ሰውየው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፤ ቤተሰቡ ተሯሩጦ ከረሜላ ይሰጠዋል፤ ከረሜላው ግን ስኳር አልባ ነው። ኤሪትሪቶልና አሉሎስ የደም ስኳርን አያነሡም፤ ማልቲቶልም በቂ አይሆንም። በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው 15 ግራም እውነተኛ ስኳር ነው፦ ከሦስት እስከ አራት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ በውሃ በጥብጦ ማጠጣት፣ 15 ደቂቃ ቆይቶ መለካት፣ ካልተነሣ መድገም። ራሱን ለሳተ ሰው ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ ወደ ሆስፒታል ነው። በዚህ ምክንያት ስኳር አልባው ዱቄትና ስኳሩ በአንድ ዓይነት ማሰሮ አይቀመጡ። ሁለቱም ነጭ፣ ሁለቱም ጣፋጭ ናቸው፤ በድንጋጤ ሰዓት የሚለያቸው የለም።

ለልጆችና ለቤት እንስሳትስ?

ልጅ ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ ገደቡም ትንሽ ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ የኤሪትሪቶል ገደብ በቀን 10 ግራም ነው፤ ጥቂት ከረሜላ ይሞላዋል፣ ከዚያ ሌሊቱን ሆዱን ይይዛል። ውሻ ካለዎት ዛይሊቶል ያለበትን ማስቲካም ሆነ ብስኩት ከፍ አድርገው ያስቀምጡ። ውሻ ውስጥ ዛይሊቶል በድንገት ብዙ ኢንሱሊን ያስወጣል፤ በኪሎ ክብደቱ 0.1 ግራም እንኳ ስኳሩን ሊጥለው ይችላል፣ ከፍ ሲል ጉበቱን ይገድላል። ከበላ ምልክት እስኪታይ አይጠብቁ፤ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት።